«ይሠራል» የተባለው ቦኖ

ናይሮቢ፣ ጥር 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ አራጌ፤
ጨፌ ቡርቃ፣ በቆቦ በኩል

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባቴ ታሂር ከሞተ ጀምሮ አባት ሆነው ያሳደጉኝ አጎቴ፣ እንዴት ከርመዋል? እማ ሀሊሜስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? ከብቱ፣ ማሽላው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የሚጎድለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ስደውል እርስዎ «አይሰማም፣ አይሰማም» እያሉ ይዘጉታል። የልጅዎ የዚነት ስልክ ደግሞ ከነጭራሹ አይጠራም። ስለዚህ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ይህን ቆቦ ላለው ለታምሬ ኢንተርኔት ቤት ልኬዋለሁ፤ አትሞ ያስቀምጥልዎታል። መልሱን በእጅዎ ጽፈው ይስጡት። ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማሩትን ያን ጎበጥ ጎበጥ ያለ ጽሕፈትዎን ማየት ናፍቆኛል።

ሥራ ቀይሬያለሁ። የአዲሱን መሥሪያ ቤት ሥራ ለማስረዳት ልሞክር። አንዳንድ መንግሥታት በእጃቸው ያለውን ዝርዝር፣ ትምህርት ቤት ይሁን ጤና ጣቢያ ይሁን የውሃ ጉድጓድ፣ መዝገብ ቤት ቆልፈው ከሚያኖሩት በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ያደርጉታል። እኛ ደግሞ ዝርዝሩ መሬት ላይ ካለው ጋር ይስማማል ወይ ብለን እናያለን። እዚህ አንዲት ሴት የሰፈሯ ቧንቧ ቢደርቅ በስልኳ ሁለት መስመር ትጽፋለች። ጽሑፏን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ሹሙም ሕዝብ እያየው መልስ ይሰጣል። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን ደስ ይላል።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የአገራችንን የውሃ ዝርዝር የያዘ ገጽ አገኘሁ። ወደ ራያ ቆላ ወረድሁ፣ ወደ ቆቦ ዙሪያ መጣሁ፣ ከዚያ ስማችን ብቅ አለ፤ «ጨፌ ቡርቃ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ከነቦኖው፤ የሚሠራ፤ ተጠቃሚ 412 አባወራ።» አጎቴ፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ስወጣ ገና እየቆፈሩት ነበር። እኔና ዚነት ጀሪካን አዝለን ወንዝ ለወንዝ የባከንነው ሁሉ ትዝ አለኝና፣ አሁን ዚነት ከቤት ወጥታ ሳትደክም ቀድታ ትመለሳለች ብዬ አሰብሁ።

እስቲ ዚነት ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። እንዴት ዝም አለችኝ?

ልጅዎ ሰልዋ ታሂር

* * *

ጨፌ ቡርቃ፣ የካቲት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፤ በሰው አገር ያለሽበትን ቤት ሰላም ያድርገው። እኛ ደህና ነን። የሀሊሜ ጉልበት እንደ ሰዉ ዕድሜ ነው፤ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን እንጃ።

ደብዳቤሽን ታምሬ አትሞ ሲሰጠኝ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ሥራሽን እንደ ገባኝ ገባኝ። ድሮ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሳለሁ ያን ሁሉ መዝገብ ስሞላ ማን ያነበዋል ብዬ እጠይቅ ነበር። ለካ የሚያነበው ልጄ ኖሯል።

ስለ ቦኖው የጻፍሽው ግን ገረመኝ። ውሃው የመጣ ዕለት ሰዉ በሬ አርዷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በየፊናው መርቋል። ሰባት ወር ጠጣን። ከዚያ ሞተሩ ተቃጠለ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ቧንቧው ዝጓል፤ ፍየል ነው የሚታከክበት። ሴቶቹ ድሮ እንደምታውቂው ወደ ደረቁ ወንዝ ወርደው አሸዋ እየጫሩ ይቀዳሉ። በቃ እንዲህ ነው። ዝርዝሩን ማን እንደዚያ እንዳለው እንጃ።

ዚነት ደህና ናት። ዋጃ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ሰንብታለች። ስልኳ ተበላሽቷል። ስትመለስ እነግራታለሁ።

ስለ ማሽላው ጠይቀሻል። እሸቱ ደህና ነበር፤ ወፍ በላው።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
አጎትሽ አራጌ

* * *

ናይሮቢ፣ የካቲት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አራጌ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጽሕፈትዎን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ። በእርስዎ አይደለም፤ በዝርዝሩ ነው። አራት መቶ አባወራ አሸዋ እየጫረ፣ ገጹ ላይ ግን «የሚሠራ» ተብሎ ተቀምጧል!

ገጹ ከታች አስተያየት መስጫ አለው። ስሜንና የት እንደምሠራ ገልጬ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «የጨፌ ቡርቃ ቦኖ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይሠራም። ሞተሩ ተቃጥሏል። እባካችሁ መረጃውን አስተካክሉ፤ ጥገናም ላኩ።» በማግሥቱ መልስ መጣ። «አስተያየትዎ ደርሶናል፤ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» ይላል። ማሽን የሚመልሰው መልስ ነው። ቢሆንም ተመዝግቧል፤ ቁጥር ሰጥተውኛል።

የሥራ ባልደረቦቼ ሰው ያለ ማስረጃ አይሰማሽም ይሉኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከጎጃም ተመድበው የመጡት መምህር ፍሬዓለም ጥሩ ስልክ እንዳላቸው ነግረውኝ ነበር። የቦኖውን ፎቶ ያንሡልኝ። ዝገቱ ይታይ። ደግሞ ዚነት ከዋጃ ስትመለስ ከቦኖው አጠገብ ትቁምልኝ። ለገጹ ሳይሆን ለራሴ ነው። ካየኋት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጸጉሯን እንዴት እንደምትሠራ እንኳ አላውቅም።

አጎቴ፣ ይህ ነገር ትንሽ እንዳይመስልዎ። በዚያ ዝርዝር ላይ «የሚሠራ» የተባለ መንደር ድርቅ ቢመጣ ማንም አያስበውም። ውሃ አለው ተብሎ ይታለፋል።

የእማ ሀሊሜን ጉልበት ይሳሙልኝ።

ሰልዋ

* * *

ጨፌ ቡርቃ፣ መጋቢት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ፤

የአላህ ሰላም በያለሽበት ይከተልሽ። መልሱ የዘገየው ወደ ቆቦ የምወጣበት ጉዳይ ስላልነበረኝ ነው።

መምህር ፍሬዓለም ያነሣውን ፎቶ ታምሬ ከዚህ ጋር ይልክልሻል። ቦኖው ነው። አጠገቡ ያለችው የጎረቤት ፍየል ናት። ዚነት አልተመለሰችም። አክስቷ አልለቃትም ብላለች።

አሁን ደግሞ የምነግርሽን በደንብ ስሚ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ እንዳለው የሚባለው ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት አስጠርቶኝ ነበር። በሩን ዘጋና፣

«ጋሽ አራጌ፣ ከውጭ አገር ሆኖ ስለ ቀበሌያችን የሚጽፍ ማን ነው?» አለኝ።

«የታሂር ልጅ ናት» አልሁት። ምን ልበል?

«ከላይ ተደውሎ ተጠየቅሁ። ተረጋግጦ የተላከ መረጃ እንዴት ሰው ይቃወመዋል ይሉኛል። እርስዎ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ትተወው ይበሏት።»

ልጁ ክፉ አይደለም። እሱም ደሞዙንና ልጆቹን ያስባል። እና ልጄ፣ ነገሩን ተይው። ቦኖ ያልነበረበት ዘመንም ነበር፤ ኖረናል። የሩቅ ሰው በጻፈው የቅርብ ሰው ይጠየቃል። ይህንንም ስጽፍልሽ ታምሬ እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ ታምሬ፣ ይቅር በለኝ፣ ሥራህ ነው።

በልጉ አልጣለም። ሰማዩ ነጭ ነው።

አብሽሪ። ዱዓ አትርሺን።
አጎትሽ አራጌ

* * *

ናይሮቢ፣ ግንቦት 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አራጌ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ።

ተይው ቢሉኝም አልተውሁትም። ፎቶውን ላክሁ። በዚህ ጊዜ የመለሰልኝ ማሽን ሳይሆን ሰው ነው። ጨዋ መልስ ነው፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ይመስላል። እንዲህ ይላል፤ «ፎቶው መቼ እንደ ተነሣ ማረጋገጥ አንችልም። በእኛ ዘንድ ያለው መረጃ በቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊርማ የጸና ነው። ለግልጽነት ሲባል ቅጹን አያይዘናል።»

ቅጹን ከፈትሁት። ሰኔ 18 ቀን 2006 ይላል። ሦስት ሣጥን አለው፤ «የሚሠራ»፣ «በከፊል የሚሠራ»፣ «የማይሠራ»። ምልክቱ ያለው የመጀመሪያው ላይ ነው። ከታች ፊርማው አለ። የሌላ ሰው ቢሆን አልለየውም ነበር። ይህን ግን እንዴት አልለየውም? ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በፈተና ካርዴ ላይ ያረፈው ፊርማ ነው።

«ዝርዝሩን ማን እንደዚያ እንዳለው እንጃ» ብለው ጽፈውልኛል። ደብዳቤው ፊቴ ነው።

ልወቅስዎ አልጽፍም። ተገደው ይሆናል፤ ሳያነቡ ፈርመውም ይሆናል። ብቻ ይንገሩኝ። በዚያው ገጽ ላይ ሌላ ሠንጠረዥም አይቻለሁ። ስለ እርሱ አሁን አልጽፍም። እርስዎ እስኪጽፉልኝ እጠብቃለሁ።

ሰልዋ

* * *

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ሁለት ወር ከግማሽ ሆነ። ታምሬ ደብዳቤዬን እንደ ወሰዱ ነግሮኛል። በዜና ክረምቱ ራያን ዘልሎ አለፈ ሲሉ እሰማለሁ። እህል ዘርታችኋል? ውሃስ? ስለ ፊርማው ባይጽፉም እንኳ በሕይወት መኖራችሁን ጻፉልኝ።

ሰልዋ

* * *

ጨፌ ቡርቃ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም።

ልጄ ሰልዋ፣ ይህን ደብዳቤ በታምሬ በኩል አልላክሁትም። እስከ ሞያሌ በሚሄድ ሾፌር እጅ ሰድጄዋለሁ። ከዚያ ሰው ተቀብሎ ናይሮቢ ምግብ ቤት ላላት ለቆቦዋ ልጅ ለቆንጅት ያደርስላታል። ሴቶች ይዛ ማልዳ ቤትሽ እንድትመጣ፣ በአፏ ከነገረችሽ በኋላ ብቻ ይህን እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። እያነበብሽው ከሆነ እንግዲህ ሰምተሻል። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ የሰው ትከሻ ያስፈልገዋል። እኔ ዓመት ሙሉ ያን ትከሻ ስፈልግ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ከፊርማው ልጀምር። ያለዚያ ሌላውን መናገር አልችልም።

አምና ሰኔ ላይ ያ የቀበሌው እንዳለው ቅጹን ይዞ ቤቴ መጣ።

«ጋሽ አራጌ፣ ቦኖው ይሠራል በሉና ይፈርሙልኝ» አለ።

«አይሠራም እኮ።»

«እሱን ማን አጣው? የማይሠራ ያለበት ቀበሌ አፈጻጸሙ ዝቅተኛ ይባላል። ዝቅተኛ ለተባለ ሁለተኛ ጉድጓድ አይመጣም። ሁሉም ይሠራል ላለ ግን ቅድሚያ አለው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን በጎን እንጠግነዋለን።»

«ውሸት ነዋ!»

«ለሕዝቡ ነው» አለኝ።

ልቤ የተሸነፈው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ሞተሩ ዘይት አጥሮት የተቃጠለው በእኔ እጅ ሳለ ነው። ጠባቂው «ድምፁ ተለወጠ» ብሎኝ «ነገ እናየዋለን» ያልሁት እኔ ነኝ። «የማይሠራ» ላይ ብፈርም በራሴ ጥፋት የምፈርም መሰለኝ። እና ፈረምሁ። ከእንዳለው በቀር ያየኝ የለም። ሀሊሜም እስከ ዛሬ አታውቅም።

አምና ሐምሌ 29 ቀን ዚነት አህያዋን ጭና ወደ ወንዙ ወረደች። ቀትር ነበር። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደመናው የነበረው ወደ ምዕራብ ደጋው ላይ ነው። አሸዋውን ጭራ፣ ሁለት ጀሪካን ሞልታ ሦስተኛውን ስትቀዳ ወንዙ መጣ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ነፋስ ይመስላል፣ ከዚያ እንደ መኪና ይጮኻል። ሌሎቹ ሴቶች ሮጠው ወጡ። እሷም ወጥታ ነበር። አህያዋ ታስራ ነበርና ልትፈታት ተመለሰች። «ዚነት! ተይው!» ብለው ጮኹባት። «አንዴ ብቻ» አለች አሉ። ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

በማግሥቱ ወደ አፋሩ ሜዳ የሚወስደው ዳርቻ ላይ አገኘናት። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አፋሮቹ አግኝተው በጨርቅ ሸፍነው፣ ዛፍ ጥላ ሥር አድርገው፣ ጅብ እንዳይነካት ቁጭ ብለው ጠብቀው ቆዩን። አላህ ይስጣቸው። አምጥተን ከአባትሽ ጎን ቀበርናት።

ከፈረምሁበት ቀን እስከ ሞተችበት ቀን አርባ አንድ ቀን ነው።

ዋጃ አክስቷ ዘንድ ናት ብዬ የጻፍሁልሽ እኔ ነኝ። ቦኖው ይሠራል ብዬ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም በአንድ እጅ ጻፍሁ። ይኸው ሁለቱንም ነገርሁሽ።

ዝናቡ የለም። የዘራነው አልበቀለም። ሁለተኛ ጉድጓድም አልመጣም።

አራጌ

* * *

ናይሮቢ፣ መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አራጌ፤

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ዚነትን በራሕመቱ ይቀበላት። እናቷን እማ ሀሊሜን አላህ ያጽናት። እርስዎንም።

ቆንጅት ጎሕ ሳይቀድ ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች። በር ስከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እሷ ክርስቲያን እኔ እስላም፤ ግን እንደ አገራችን ደንብ ይዛኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ጎረቤት ኬንያውያን ሁሉ ወጡ። ለቅሶዬ እውነተኛ ነበር። መርዶው ግን አዲስ አልነበረም።

ሚያዝያ 30 ቀን ነው ያወቅሁት። ያን ዕለት ከገጹ ሌላ ሠንጠረዥ ከፈትሁ፤ የ2006 ክረምት የጎርፍ አደጋ ይላል። ማን እንደ ለጠፈው አላውቅም፤ የሰው ስም የያዘ ዝርዝር እንዲህ ለአደባባይ ሊወጣ እንደማይገባ ግን በሥራዬ አውቃለሁ። ተራ ቁጥር 17። «ጨፌ ቡርቃ፤ ዚነት አራጌ፤ ሴ፤ 22፤ ውሃ ለመቅዳት በሄደችበት።» ሌላ ዚነት አራጌ ትኖር ይሆን ብዬ ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድሁ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ነክሼ ቆየሁ። ከስድስት ቀን በኋላ ያን ደብዳቤ ጻፍሁልዎ። ስለ ዚነት መጠየቄን ማቆሜን አላስተዋሉም ነበር?

እርስዎ እስኪነግሩኝ ጠበቅሁ። በውስጤ አንድ ነገር ሠንጠረዡ ይዋሻል፣ አጎቴ አይዋሽም ይል ነበር።

ሥራዬ ዝርዝር ማመሳከር ነው። በአንዱ ሠንጠረዥ ጨፌ ቡርቃ የሚሠራ ቦኖ አለው። በሌላው ከጨፌ ቡርቃ የወጣች ሴት ውሃ ለመቅዳት ወንዝ ወርዳ ጎርፍ ወስዷታል። ሁለቱም ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆነው ዓመት ያህል ተቀምጠዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቦኖ ካለ ለምን ወንዝ ወረደች?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ዘመዴ ስለሆነች ነው ያየሁት። ከእሷ በላይ የተዘረዘሩትን አሥራ ስድስት ሰዎች ማን አያቸው?

አሁን ደግሞ ድርቁ አለ። ውሃ በቦቴ የሚታደልባቸው ቀበሌዎች ዝርዝር ወጥቷል። ጨፌ ቡርቃ የለችበትም። ከ«የማይሠራ» ውስጥ ነው የሚመርጡት።

እኔ ዛሬም መጻፍ እችላለሁ። ግን ከናይሮቢ የተጻፈ ነገር የእርስዎን ፊርማ አይሽረውም። ሊሽሩት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። በጓዳ ሳይሆን ሰዉ ባለበት። በእማ ሀሊሜ ፊት።

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም ምን እንደምል አላውቅም። አባቴ ነዎት። እህቴ ናት። እዚህ ላይ እየደረስሁ እቆማለሁ።

ሰልዋ

* * *

ጨፌ ቡርቃ፣ የካቲት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ፤

ወዐለይኩም ሰላም። ይህን በታምሬ በኩል እልካለሁ። ከእንግዲህ ማንም ቢያነበው የምደብቀው የለኝም።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ጥቅምት ላይ የቀበሌው ጉባኤ ነበር። ስለ እርዳታ እህል ይነገር ነበር። እጄን አነሣሁ። እንዳለው ስለ ምዝገባ የምጠይቅ መስሎት «ይናገሩ ጋሽ አራጌ» አለ። ቆሜ፣ «ቦኖው ይሠራል ብዬ ፈርሜያለሁ። ውሸት ነው። ሞተሩም የተቃጠለው በእኔ ቸልታ ነው» አልሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። ያልሁት ይኸው ነው።

እንዳለው፣ «ሐዘን ነው ያናገራቸው፤ እናልፈዋለን» አለ።

«ሐዘኑማ ከዚህ የመጣ ነው» አልሁት።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሀሊሜ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ አጠገቤ አልፋ ወጣች። አላየችኝም።

መምህር ፍሬዓለም እዚያው ያልሁትን ቃል በቃል ጻፈው። እኔ ፈረምሁ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ ፈረመ፤ ፊደል ያልቆጠረው አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ አተመ። እንዳለው ቆሞ ሲያይ ቆየ። መጨረሻ ላይ እሱም መጥቶ ፈረመ። ለምን እንደ ፈረመ አልጠየቅሁትም። አሁን ወደ ሌላ ቀበሌ አዛውረውታል። ወረቀቱን መምህሩ ፎቶ አንሥቶ፣ አንቺ በነገርሽው የአስተያየት መስጫ ከነስማችን ላከው።

ለሦስት ሳምንት ምንም የለም። ኅዳር ላይ ታምሬ በሞተር ሳይክል ራሱ ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ጨፌ ቡርቃ፤ የማይሠራ» ይላል። እውነተኛ ነገር ተጽፎ ሳይ እንደዚያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቦቴ መጣ። ሾፌሩ «እናንተ እኮ ሞተር አላችሁ ተብሎ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣንላችሁ» አለ። ሕፃናቱ ከጎማው ሥር የሚንጠባጠበውን በእፍኛቸው ይጠጡ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ባለሙያዎች አዲስ ሞተር ይዘው መጡ። አራት ቀን ሠሩ። በአምስተኛው ቀን ቧንቧው መጀመሪያ ቀይ አፈር ተፋ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ጠራ። ሰዉ እልል አለ። ኮሚቴው ሌላ ሰብሳቢ መርጧል፤ አስረሳሽ የምትባል ሴት ናት። ጎበዝ ናት፤ ዘይቱን በየሳምንቱ ራሷ ታያለች።

ደስ የሚል ወሬ ብዬ እዚህ ላይ ልጨርስልሽ ፈልጌ ነበር። ግን ከእንግዲህ ጎዶሎ ወሬ አልጽፍልሽም።

ሀሊሜ ከቦኖው አትቀዳም። ቦኖው ከደጃችን ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ሴቶቹ ለምነዋት ነበር። አስረሳሽ ሞልታ ቤት ድረስ ብታመጣላት ለከብቶቹ ደፋችው። በየቀኑ በዚያ ጉልበቷ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ዛሬ እዚያ የሚወርድ ሌላ ሰው የለም፤ እሷ ብቻ ናት። በእጇ አሸዋውን ትጭራለች፣ እስኪጠልል ትቀመጣለች፣ በጣሳ ትቀዳለች። ከጥቅምት ወዲህ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

እኔ ከኋላዋ እከተላለሁ። መሸከም አትፈቅድልኝም። አንድ ቀን ጀሪካኑን ብይዘው አስቀምጣው፣ እስክለቀው ቆመች። ስለዚህ አልነካውም። ከዳሩ ላይ፣ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ እወጣና ወደ ደጋው እመለከታለሁ። የበጋ ወር ነው፤ ደመና የለም። ቢሆንም ቀድታ እስክትጨርስ፣ አዝላ እስክትወጣ ድረስ ዓይኔን ከደጋው አላነሣም።

በሕይወት ካለን መምጣቱ ያንቺ ፈንታ ነው፤ ቤቱ ቤትሽ ነው። አላህ ልብሽን ያሳርፈው።

አራጌ